ያልታጠበው ቅምሻ

ኢዮስያስ እራቱን በልቶ እጁን ከታጠበ በኋላ ጓንቱን ያጠልቃል። ሶፋው ላይ ጀርባውን አስደግፎ፣ ጉልበቶቹን ትንሽ ከፈት አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ ከጭላሎ ተራራ ይወርዳል።

ሚስቱ ትርሲት ሳህኖቹን እያነሳች ታየዋለች። ጭኑ ሲጠነክር ከአስታው ቁጥቋጦ በታች ያለው ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ መድረሱን ታውቃለች። ትከሻው ወደ ግራ ዘንበል ሲል የጽድ ሥር መንገዱን የሚያቋርጥበት መታጠፊያ ላይ ነው። መንገዱን በሙሉ በባሏ ሰውነት ላይ ማንበብ ትችላለች፤ ሥራዋ ነውና።

የማን ቅምሻ እንደ ለበሰም ታውቃለች። የእሷ ሲሆን ኢዮስያስ አልፎ አልፎ ራሱን ይነቀንቃል፤ በደንብ የተጻፈ መመሪያ እንደሚያነብ ሰው። የባልደረባዋ የሲፈን ሲሆን ይስቃል።

ያን ምሽት ሳቀ።

"የማን ነው?" አለችው፣ እያወቀች።

"ምኑ?" አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

"የለበስከው።"

"ስሙን አላየሁም። ይሄ አዲሱ ባለ ወፍራም ጎማው ነው።"

"ፍሬኑ እንዴት ነው?"

"ፍሬን?" አለና እንደገና ሳቀ። "መያዟንም እንጃ።"

ትርሲት ሳህኖቹን ይዛ ወደ ማድ ቤት ገባች። የእሷን ለብሶ ስለ ፍሬኑ ሳይናገር የቀረበት ምሽት አልነበረም። እስከ ዛሬ ይህን እንደ ምስጋና ትቆጥረው ነበር።

በአሰላ ብስክሌት የሌለው ቤት የለም። ሳሎን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ እሑድ እሑድ አቧራው ይጠረጋል፣ ካቴናው ዘይት ይቀባል፤ እንግዳ ሲመጣ የኋላ ጎማው በጣት ይሽከረከርና ሁሉም ዝም ብሎ ድምፁን ያዳምጣል። ተራራው ከተዘጋ ወዲህ ከተወለዱት ውስጥ ኮርቻ ላይ ወጥቶ የሚያውቅ ጥቂት ነው። አስታው እንዲያገግም፣ ምንጮቹ እንዲመለሱ ተብሎ ከታጠረው አጥር ወዲያ ጎማ ማሳረፍ የተፈቀደው ለቀማሾች ብቻ ነው። ሰው ቅምሻውን ይለብሳል፤ ከወደደው ብስክሌቱን ገዝቶ ይሰቅላል። በትርሲት አባት ዘመን ሰው መጀመሪያ ገዝቶ ኋላ ራሱ ይነዳ ነበር ይባላል። ለኢዮስያስ ይህ እንደ ድሮ ጋብቻ ነው የሚመስለው፤ አግብቶ ኋላ መተዋወቅ።

ትርሲት የሚዛን ቅምሻ ቤት የተራራ ቀማሽ ናት። አዲስ ብስክሌት፣ አዲስ ፍሬን፣ አዲስ ጎማ ወይም አዲስ አሞርዛተር ሲመጣ ከጭላሎ አናት ይዛው ትወርዳለች። ስትወርድ እጇ፣ ጭኗ፣ ወገቧና ሆዷ የተሰማቸው ሁሉ ይቀዳል። የተቀዳው ማጠቢያ ውስጥ ይገባል። ማጠቢያው የብስክሌቱ ያልሆነውን ያወጣል፤ የቀማሹን ረሃብ፣ የጠበበ ጫማውን፣ ጠዋት ተጣልቶ ከወጣም ጠቡን። የቀረው ለሕዝብ ይለቀቃል፤ ጓንት ያጠለቀ ሁሉ ይለብሰዋል።

ከዚህ ማጠቢያ ጋር የቆየ ፉክክር ነበራት። የሚያወጣው እድፍ እንዲያጣ ትፈልጋለች። ስለዚህ ከመውረዷ በፊት ራሷን ከራሷ ውስጥ ታስወጣለች፤ ቤት እንደሚለቅ ሰው፣ ዕቃውን አንድ በአንድ። ባሏን ታስወጣለች። የታመመች እናቷን ታስወጣለች። ማታ ተናግራው የጸጸታትን ቃል ታስወጣለች። ባዶዋን ትወርዳለች። እጇ ላይ የሚቀረው ብስክሌቱ ብቻ ነው፤ ፍሬኑ ጣት ከተጫነው በኋላ ትንሽ ዘግይቶ እንደሚይዝ፣ ማርሹ ዳገት ላይ ሲለወጥ አንዴ እንደሚያመነታ፣ የፊት ጎማው እርጥብ ጭቃ ላይ እስከ የት እንደሚታመን። የእሷን ቅምሻ የለበሰ ሰው ብስክሌቱን ያውቀዋል። እሷን አያውቃትም። ይህ ኩራቷ ነበር፤ ሲፈን እስክትመጣ ድረስ።

ሲፈን ከበቆጂ የመጣች ልጅ ናት። ፍሬን በየትኛው ጣት እንደምትይዝ ብትጠየቅ እጇን ዘርግታ ማየት ያስፈልጋታል። ስለ አሞርዛተር የምታውቀው አንዳንዱ እንደሚያነጥርና አንዳንዱ እንደማያነጥር ነው። ግን ስትወርድ ደስ ይላታል። በቃ ይኸው ነው። ደስታው ከብስክሌቱ ይምጣ ከእሷ ማጠቢያው መለየት ስለማይችል ነክቶት አያውቅም።

ትርሲት የምትቀናባቸው ነገሮች ትንንሽና ለሰው የማይነገሩ ነበሩ። ሲፈን ቆሎ ስትቆረጥም ድምፅ የላትም። የማታውቀው ሰው ቤት ስትገባ የት እቀመጣለሁ ብላ አትጨነቅም። በስልክ ስታወራ ስንብቷ አያልቅም፤ በሌላኛው ጫፍ ያለው ሰው እንዳትዘጋው ስለሚፈልግ። ስሟን የሚጠሩ ሰዎች መጨረሻውን ያስረዝሙታል። ትርሲት ይህን ሁሉ በትክክል ታውቃለች፤ አንድን ፍሬን እንደምታውቀው።

ከክረምቱ በፊት ወይዘሮ ዘርፌ አስጠራቻት። ወይዘሮ ዘርፌ የቅምሻ ቤቱ ኃላፊ ናት፤ ሰው ፊት ላይ ሳይሆን ሰው እጅ ላይ እያየች የምትናገር ሴት።

"ከክረምት በኋላ ለተራራ አንድ ቀማሽ ነው የሚኖረን" አለች። "ሁለት አያስፈልግም ተብሏል። ድኩላ የሚባለውን አዲሱን ብስክሌት ሁለታችሁም ትቀምሱታላችሁ። ሰው የማንን አብዝቶ እንደለበሰ ይታያል።"

"የእኔ ንጹሕ ነው" አለች ትርሲት። "ማጠቢያው እንኳ ..."

"ንጹሕ ነው። የተጣራ ውሃ ነው።" ወይዘሮ ዘርፌ የትርሲትን ጣቶች ተመለከተች። "ግን ትርሲትዬ፣ ውሃ ጠጥቶ ሲዘፍን ያየሽው ሰው አለ?"

ትርሲት ሌላ ሙያ የላትም። ሌላ ተራራም የለም። አጥሩ ውስጥ ለመግባት የሚያስፈቅዳት ይህ ሥራ ብቻ ነው፤ ካጣችው ከነገ ወዲያ እንደ ማንኛውም የአሰላ ሰው ሶፋዋ ላይ ቁጭ ብላ፣ ከባሏ ጎን፣ ሲፈንን ለብሳ ትወርዳለች።

ድኩላ የመጣው አንድ ብቻ ሆኖ ነው። መልኩ ዝናብ የመታው ቅጠል ይመስላል። ተራራው አናት ላይ፣ በገመድ ተንጠልጥሎ ቀማሾችን ሽቅብ የሚያወጣው የገመድ ሳጥን ሰው በሚያራግፍበት ቦታ፣ ጋሽ ቱፋ ጎማውን ነፍቶ ካቴናውን እያሽከረከረ ነበር። ጋሽ ቱፋ ብስክሌቶቹን ለቀማሾች የሚያስረክብ ሽማግሌ ነው።

"ማንኛችሁ ናችሁ መጀመሪያ?" አለ።

"እሷ ትውረድ፣ ታላቄ ናት" አለች ሲፈን።

"በዕድሜ ከሆነማ እኔ ልውረድ" አለ ጋሽ ቱፋ፤ "ብቻ ከታች በቃሬዛ መልሱኝ።"

ሲፈን ሳቀች። ትርሲት አልሳቀችም። "አንቺ ቅደሚ" አለች። ሲፈን ያለሰለሰችው ኮርቻ ይሻላል ብላ አልነበረም። ሁለተኛ የሚወርድ ሰው የመጀመሪያዋን ስህተት ያውቃል ብላ ነው። ቢያንስ ለራሷ ያለችው ይህን ነው።

"ይቅናሽ" አለ ጋሽ ቱፋ መሪውን እየለቀቀ። ብስክሌት የሚያስረክብ ሰው ሁልጊዜ ይህን ይላል። ቀማሹ ታች ሲደርስ የእጅ አንጓው ላይ ላለው መቅጃ "ቀናኝ" ብሎ ይመልሳል፤ የሆነ ነገር ከተሰበረ ወይም ከወደቀ "አልቀናኝም" ይላል። ማጠቢያው ቅምሻውን የሚዘጋው ያንን ቃል ሰምቶ ነው። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። ሥራው ከቃሉ ጋር መጣ።

ሲፈን በገመድ ሳጥኑ ስትመለስ ፊቷ ቀልቶ ነበር። ብስክሌቱን ይዛ ከሳጥኑ ወረደች።

"ትርስዬ፣ ይሄ ነገር ሌላ ነው።"

"አሞርዛተሩ ጽዱ ሥር ላይ መታሽ?"

"አላስተዋልኩም።"

"የኋላው ፍሬን ይጮሃል?"

"እኔ እየጮህኩ እንዴት ልስማ?" አለች ሲፈን። ከዚያ የረሳችው ነገር ትዝ እንዳላት ክንዷን ያዝ አደረገቻት። "ውይ፣ ባልሽን አገኘሁት ጠዋት፣ ዳቦ ቤቱ በር ላይ። ባለ ወፍራም ጎማውን ለብሼልሻለሁ አለኝ። ሆዴን እስኪያመኝ ነው የሳቅሁት አለኝ። ደስ ሲል፤ አንቺን የመሰለ ቀማሽ ቤቱ እያለ።"

ምንም ክፋት አልነበረበትም። ትርሲት ፊቷ ላይ ፈልጋ አጣችው። ክፋት ቢኖርበት ይቀላት ነበር።

ኮርቻው ገና ሙቀት ነበረው። ከፍታውን ለራሷ አስተካከለች፣ ፍሬኖቹን ሞከረች፣ ዓይኗን ጨፍና እንደ ልማዷ ራሷን ማስወጣት ጀመረች። እናቷ ወጣች። የሚያፈሰው የቤቱ ቧንቧ ወጣ። ኢዮስያስ አልወጣም። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆሞ እየሳቀ ነበር፤ ስትገፋው ሲፈንን ክንዷን ይዞ ተመልሶ ይገባል።

"ይቅናሽ" አለ ጋሽ ቱፋ።

ወረደች። ድኩላ በእርግጥ ሌላ ነበር። ድንጋያማው ላይ የፊት አሞርዛተሩ እያንዳንዱን ድንጋይ ተቀብሎ ለእጇ የሚያደርሰው ወሬውን ብቻ ነበር፤ ምቱን አይደለም። ፍሬኑ ሳይዘገይ ያዘ። ማርሹ ከአንዱ ወደ ሌላው ያለ አንዳች ጥያቄ አለፈ። ይህን ሁሉ ታስተውል ነበር፤ ግን ከእያንዳንዱ ጋር አንድ ሐሳብ አብሮ ይመጣል። ይህን ሲፈን ቀድማ አግኝታዋለች። ሳታስተውለው አግኝታዋለች። ይህ ጥሩ ነገር ሳይገባት በእጇ አልፎ፣ ሳቅ ሆኖላት ወጥቷል። ጽዱ ሥር ላይ የፊት ጎማው የፀጉር ያህል ሳያፈነግጥ ዞረ፤ የትርሲት ጥርስ ግን ተነካክሶ ነበር። ብስክሌቱን አጥብቃ ያዘችው፤ ከእጇ የሚወስድባት ሰው ከኋላ እንዳለ። በሕይወቷ አንድን ነገር እንዲህ ፈልጋ አታውቅም። ያውም ይዛው እያለች።

ታች ደርሳ ቆመች። ትንፋሿ ከፍ ዝቅ ይላል። አንጓዋን ወደ አፏ አቀረበች።

"ቀናሁ" አለች።

ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። እጇን አፏ ላይ ጫነች። መቅጃው ግን ተዘግቶ ነበር።

ማጠቢያው ሁለት ቃል ብቻ ነው የሚያውቀው። ሦስተኛ ሲመጣበት አልተደናገጠም፤ እንደ ማንኛውም ትጉህ ሠራተኛ የሰማውን ቃል የሥራው ርዕስ አድርጎ ወሰደው። ርዕሱ ቅናት ከሆነ ከቅናት ውጭ ያለው ሁሉ እድፍ ነው። ስለዚህ ፍሬኑን አጠበ። ማርሹን አጠበ። አሞርዛተሩን አብዛኛውን አጠበ። ሌላውን አንድም ሳያጎድል ለሕዝብ ለቀቀው።

በዚያ ምሽት ኢዮስያስ ጓንቱን አጠለቀ። አልሳቀም፤ ራሱንም አልነቀነቀም። ከሶፋው መደገፊያ ተነስቶ ወደፊት አጎነበሰ፤ ጡጫው ተጨበጠ። ወርዶ ሲጨርስ ጓንቱን ሳያወልቅ ደግሞ ጀመረው። ትርሲት እራቱን አላነሳችም፤ ቆማ ታየው ነበር። ሁለተኛውን ሲጨርስ ዓይኑን ገልጦ ግድግዳቸው ላይ የተሰቀለውን ብስክሌት ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

"ይሄ ነገር አርጅቷል፣ አይደል?" አለ።

"ባለፈው ፋሲካ ነው የገዛነው።"

"ጎረቤቶቻችን ድኩላ ይገዛሉ እንዴ? ሰምተሻል?"

ጠዋት ሱቁ በር ላይ የቆመው ሰልፍ መስጊዱን አልፎ ነበር። በሰልፉ ውስጥ ማንም አያወራም። እያንዳንዱ ከፊቱ ያለውን ሰው ማጅራት ያያል። አንድ ፀጉር አስተካካይ ግማሽ ራሱን የተላጨ ደንበኛ ወንበሩ ላይ ትቶ መጥቷል፤ ደንበኛውም ፎጣውን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ከኋላው ተሰልፏል። ፍሬኑ እንዴት እንደሆነ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ትርሲት ወይዘሮ ዘርፌ ዘንድ ስትገባ የተባረረች መስሏት ነበር።

"ስህተት ነው" አለች፤ ሳትጠየቅ። "ቀናኝ ለማለት ነው። ምላሴ ነው። ደግሜ ልውረድና ንጹሑን ..."

"አትንኪው" አለች ወይዘሮ ዘርፌ።

"ፍሬኑ እኮ ጭራሽ የለበትም።"

"ማን ፍሬን ጠየቀሽ?" ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ፊቷን አየቻት። "አስራ ምናምን ዓመት ቀማሽ ነኝ ብለሽ የደበቅሽን ይሄን ነው? ቦታው ያንቺ ነው።"

ትርሲት ደስታውን ጠበቀች። ትንሽ ቆይቶ መጣ፤ ከጠበቀችው ያነሰ ነበር።

"ሲፈንስ?"

"ሲፈን ትቆያለች። አትቀምስም። ከፊትሽ ትወርዳለች፣ በቃ። ማንኛውም አዲስ ነገር ሲመጣ እሷ ቀድማ ትነዳዋለች፤ አንቺ ቆመሽ ታያለሽ፤ ከዚያ ትወርጃለሽ። ጥሩ ልብስ እናለብሳታለን። ከሐኪም ቤቱ በላይ ያለውን አዲሱን ቤትም ሰጥተናታል፤ አበባ ያለውን።"

"ለምን እንደሆነ ታውቃለች?"

"ብስክሌት በነፃ ትነዳለች፣ አበባ ያለው ቤት አላት። ምን ብላ ትጠይቃለች?"

እንዲህ ሆነ። ክረምቱ ወጣ፤ የትርሲት ሥራ ተለወጠ። ድሮ ጠዋት ጠዋት ራሷን ባዶ ታደርግ ነበር፤ አሁን ትሞላለች። ወደ ገመድ ሳጥኑ ከመሄዷ በፊት ዞራ በሐኪም ቤቱ በላይ በኩል ታልፋለች፤ አበባዎቹን ታያለች፤ በመስኮቱ የሲፈን የማያልቅ የስልክ ስንብት ይሰማል። ያ ለአንድ ጎማ ይበቃል። ለአንድ ሙሉ ብስክሌት ግን ተራራው አናት ላይ የሲፈንን ፊት ማየት ያስፈልጋታል። ቅምሻዎቿ ከአሰላ አልፈው አዳማ ድረስ ይለበሱ ነበር። በየሳሎኑ ሰዎች የማያውቁትን ሰው እየጠሉ ይወርዱና፣ ሲነቁ ግድግዳቸው ባዶ ይሆንባቸዋል።

ችግሩ ማሸነፏ ነበር። ያሸነፈ ሰው ቅናቱ ይሰንፋል። ሳታስበው አንድ ቀን በአበባው ቤት በኩል ማለፍ ረሳች። ሌላ ቀን ሲፈን ቆሎ ዘርግታላት ወሰደች፤ ቆሎውም ጣፈጣት። የአዲሱ የጎማ ቸርኬ ቅምሻ ሲወጣ ሰው ለብሶት ዝም አለ። ሰልፍም አልነበረም።

"ቀዝቅዘሻል" አለች ወይዘሮ ዘርፌ፣ እጆቿን እያየች። "ከባሌ አገር የመጣ አንድ ልጅ አለ፤ ወንድሙ ሁሉን ነገር የቀደመው። ዓይኑን ብታይው ታዝኛለሽ። አንድ ደግሞ እንዲህ ከወረድሽ ቦታው የእሱ ነው።"

ማታ ትርሲት ጓንቱን ራሷ አምጥታ ኢዮስያስ ጭን ላይ አኖረች።

"የሲፈንን ልበስ። ያንን ባለ ወፍራም ጎማውን።"

"ሰለቸኝ እኮ እሱ። ያንቺን አይሻልም?"

"ልበስ ብያለሁ። ለሥራዬ ነው።"

"ለሥራሽ እኔ ምን አገባኝ?"

"ስትስቅ ማየት አለብኝ።"

ኢዮስያስ ጓንቱን አጠለቀ። ሶፋው ላይ ተደገፈ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ወረደ። ድንጋያማው ላይ ሲደርስ ሳቀ። ትርሲት ትከሻውን አየች። ትከሻው አልሳቀም። ጽዱ ሥር ላይ እንደገና ሳቀ፤ አንድ ዓይኑን በትንሹ ገልጦ ትመልከት አትመልከት እያየ።

"ተወው" አለችው።

"ምነው፣ አልሳቅሁም?"

"ተወው ኢዮስያስ።"

ሶፋው ላይ ተያይዘው ቁጭ አሉ። ባሏ እንደሚወዳት ያን ምሽት ተገለጠላት፤ ለእሷ ብሎ የውሸት እስኪስቅ ድረስ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይላት ነበር። አሁን ግን ነገ ምን ይዛ እንደምትወርድ አሰበች።

በማግስቱ ተራራው አናት ላይ ጭጋግ ነበር፤ አስታዎቹ ውሃ ያንጠባጥባሉ። አዲሱ ብስክሌት ለመላው አገር የሚለቀቅ ነው፤ ሁሉም የሚጠብቀው የትርሲትን ቅምሻ ነው። ሲፈን ቀድማ ወርዳ በገመድ ሳጥኑ ተመልሳ መጣች። አዲስ የሱፍ ሹራብ ለብሳለች፤ ምን ዓይነት ሱፍ እንደሆነ ትርሲት አስተውላ ተመለከተች፤ ከውስጧ ግን ምንም አልተነሳም። ሲፈን ከሳጥኑ ስትወርድ የበሩን ብረት ይዛ ቆየች። ብስክሌቱን ለጋሽ ቱፋ አቀበለችና ወደ ትርሲት መጣች። ከንፈሯ ቀለም አልነበረውም።

"ትርስዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ? ለማንም አልተናገርኩም።"

የግራ ሱሪዋ ጉልበት ላይ ተወጥሮ ነበር። ውስጡ ያበጠ ነገር አለ። ያበጠውም ዛሬ አይደለም። ትርሲት በአንድ እይታ ሁሉም ገባት፤ ብስክሌት ላይ ሲሆን አንድም ነገር አምልጧት አያውቅም፣ ሰው ላይ ነው የሚዘገይባት። ልጅቷ ለወራት በዚህ ጉልበት ወርዳለች። ስትስቅ የኖረችው ሕመሙን ውጣ ነው፤ ወደ ላይ ስትመለስ ፊቷ የሚቀላውም ከሕመሙ ነው። ካቆመች አበባው ቤት ይሄዳል፣ ተራራው ይሄዳል። የምትነግራትም ይህንኑ ነው። ከነገረቻት ደግሞ ትርሲት ታዝናለች። ማዘን ትችልበታለች፤ ሰው መሆኗን አትክድም። ግን ያዘነ እጅ ይዞት የወረደውን ብስክሌት ማን ይገዛል? ለባሾቹ በየሶፋቸው ላይ ሆነው ለማያውቋት ልጅ ጉልበት ያዝናሉ፤ ከዚያ ጓንቱን አውልቀው ይተኛሉ። ያ ከባሌ አገር ያለው ልጅ ይመጣል።

"አትንገሪኝ" አለች።

"ስለ ጉልበቴ ነው፣ ትንሽ ..."

"ሲፈን፣ እባክሽን። ከወረድኩ በኋላ።"

"ከወረድሽ በኋላ ደግሞ ነገ ሌላ ብስክሌት አለ።"

"አዎ፣ አለ።"

ሲፈን ሹራቧን ወደ ታች ሳብ አደረገችና "እሺ እቴ" አለች፤ ደግሞም ፈገግ አለች። ዞራ ወደ ቆርቆሮ መጠለያው መራመድ ጀመረች። ግራ እግሯ ወደ ኋላ ይቀራል።

ትርሲት ፊቷን ማዞር ነበረባት። አላዞረችም። ጋሽ ቱፋ ብስክሌቱን ምሰሶ ላይ ጥሎ ሲሮጥ አየችው፤ ያ ሽማግሌ ሮጦ ያውቃል ብላ አስባ አታውቅም። "ምነው ልጄ፣ ምነው ሲፈኔ" እያለ ነበር። የገመድ ሳጥኑን የሚያንቀሳቅሰው ሰውዬ ሥራውን አቁሞ ብቅ አለና ካፖርቱን አወለቀ፤ ወንበርም አመጣ። ሁለት ወንዶች አንዲት ልጅ ለማስቀመጥ ይሽቀዳደማሉ። አንዱ ጫማዋን ይፈታል፣ አንዱ ጀርባዋን ይደግፋል። እሷም ይቅርታ ትላቸዋለች፤ እነሱ ደግሞ ይቅርታ በማለቷ ይበልጥ ያዝኑላታል።

እኔ ባነክስ ወንበር የሚያመጣልኝ ማነው? አለች ትርሲት በልቧ።

ከጡቷ ሥር የሆነ ነገር ቀስ ብሎ ተጨመደደ። የምታውቀው ነገር ነው። ከወራት በኋላ የተመለሰ ዘመድ ያህል ደስ አላት። ብስክሌቱን ከምሰሶው አነሳች፣ ኮርቻው ላይ ወጣች፣ እንዳይበርድባት ፈጥና ፍሬኑን ለቀቀች።